ሁለት ሆርሞኖችና የተጎዳ አንጎል፦ ከ1948 እስከ 2014 ያለው መዝገብ ሲመረመር

ከፊታችን ሦስት ሰነዶች አሉ። አንደኛው በኦክቶበር 2004 ዘ ላንሴት በተባለው የለንደን የሕክምና መጽሔት የወጣ ነው፤ ሁለቱ ደግሞ ከአሥር ዓመት በኋላ፣ በዲሴምበር 2014፣ ኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን በተባለው የአሜሪካ መጽሔት ጎን ለጎን የታተሙ ናቸው። የሦስቱም ጥያቄ በመሠረቱ አንድ ነው፦ በአደጋ የተመታን አንጎል እብጠትና ብግነት በሆርሞን ማብረድ ሕይወትን ያተርፋልን? የሦስቱም መልስ አፍራሽ ነው፤ አፍራሽነታቸው ግን አንድ ዓይነት አይደለም። የ2004ቱ ሰነድ ሕክምናው ሰው እንደገደለ ሲመሰክር፣ የ2014ቱ ሰነዶች ሕክምናው እንዳልጠቀመ ብቻ ይመሰክራሉ። በኋላ በተጻፉ አጫጭር ትረካዎች ይህ ልዩነት ተድበስብሶ ስለሚታለፍ፣ ሁለቱ ታሪኮች አንድ የክሽፈት ታሪክ መስለው ይነገራሉ። እኛ ግን ምስክሮቹን በየዘመናቸው አቁመን፣ እያንዳንዱ ምን እንዳየና ምን ሊያይ እንደማይችል ለይተን እንመዝናለን። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመገጣጠሚያ ሕመም ወደ ራስ ቅል፣ 1948–1967

የታሪኩ መነሻ ከአንጎል ሩቅ ነው። በሴፕቴምበር 1948 በሚኒሶታ ግዛት በሚገኘው ማዮ ክሊኒክ፣ ፊሊፕ ሄንች የተባለው ሐኪም በከባድ የመገጣጠሚያ ብግነት ለምትሠቃይ አንዲት የ29 ዓመት ሴት፣ ባልደረባው ኤድዋርድ ኬንዳል ከኩላሊት በላይ ካለው ዕጢ ለይቶ ያወጣውን ንጥረ ነገር በመርፌ ሰጣት። ያ ንጥረ ነገር በኋላ ኮርቲሶን ተባለ። ሴትየዋ በጥቂት ቀናት ውስጥ ከአልጋዋ ተነሥታ መራመድ መቻሏ በሕክምናው ዓለም የፈጠረውን መደነቅ ለመገመት፣ ግኝቱ ገና በሁለት ዓመቱ፣ በ1950፣ ለሄንች፣ ለኬንዳልና ለስዊዘርላንዱ ታዴዎስ ራይሽታይን የኖቤልን ሽልማት ማስገኘቱን ማስታወስ ይበቃል። ብግነት የሚባለው ነገር፣ ማለትም ሰውነት ለጉዳት የሚሰጠው የመቅላት፣ የመሞቅ፣ የማበጥና የመታመም ምላሽ፣ በአንድ ሆርሞን ሊታዘዝ እንደሚችል ያን ጊዜ በዓይን ታየ።

ከመገጣጠሚያ ወደ አንጎል የተደረገው ሽግግር ሁለት እርከን ነበረው። በ1952 ኢንግራሃም፣ ማትሰንና ማክሎሪን የተባሉ ሐኪሞች በፒቱታሪ ዕጢ አካባቢ ለሚደረግ ቀዶ ሕክምና ኮርቲሶንን እንደ ድጋፍ ተጠቀሙ፤ ዓላማቸው ግን በዋነኛነት በቀዶ ጥገናው የሚጎድለውን ሆርሞን መተካት ነበር እንጂ እብጠትን መዋጋት አልነበረም። ሁለተኛው እርከን ወሳኙ ነው። በ1961 ጋሊሲችና ፍሬንች፣ እነርሱም በሚኒሶታ፣ ዴክሳሜታሶን የተባለውን ብርቱ ሰው ሠራሽ ኮርቲኮስቴሮይድ፣ ማለትም የኮርቲሶን ወገን የሆነ መድኃኒት፣ በአንጎል ዕጢ ሳቢያ ለሚመጣ እብጠት ሰጡ። ራሳቸውን ስተው የነበሩ ሕሙማን በሰዓታትና በቀናት ውስጥ ሲነቁ ታየ። ይህ ውጤት እስከ ዛሬ አልተሻረም፤ ዴክሳሜታሶን አሁንም በአንጎል ዕጢ ዙሪያ ላለ እብጠት የተመሰከረለት መድኃኒት ነው።

ለምን ወደ አደጋ ጉዳተኞች እንደተሻገረ መረዳት አይከብድም። የአዋቂ ራስ ቅል የማይለጠጥ የአጥንት ሣጥን ነው፤ በውስጡ ያለው አንጎል፣ ደምና ፈሳሽ አንዱ ሲጨምር ሌላው መቀነስ አለበት፤ ካልቀነሰ ግፊቱ ይንራል፣ ደም ወደ አንጎል መድረሱ ይቀንሳል፣ በመጨረሻም አንጎሉ ወደ ታች ተገፍቶ ሰውየው ይሞታል። በዕጢ ዙሪያ ያለውን እብጠት የሚያከስል መድኃኒት በመኪና አደጋ የመጣውን እብጠትም ያከስላል ብሎ ማሰብ በዚያ ዘመን ምክንያታዊ ነበር። ይሁን እንጂ በ1967 ኢጎር ክላትዞ የአንጎል እብጠት አንድ ነገር አለመሆኑን አሳየ። አንደኛው ዓይነት ከደም ሥሮች ግድግዳ መላላት የተነሣ ፈሳሽ በሕዋሳት መካከል ሲፈስ የሚመጣ ነው፤ ሁለተኛው ራሳቸው ሕዋሳቱ ተጎድተው ውኃ ሲጠጡ የሚከሰት ነው። በዕጢ ዙሪያ ያለው በአመዛኙ ከመጀመሪያው ወገን ሲሆን፣ የአደጋው እብጠት ሁለቱን የቀላቀለ ነው። ስለዚህ የኋለኛውን ውድቀት ሊያስረዳ ይችል የነበረው ንድፈ ሐሳብ ሕክምናው ገና እየተስፋፋ ሳለ በጽሑፍ ተቀምጦ ነበር። ይህን ስንል በዘመኑ የነበሩትን ሐኪሞች ለመክሰስ አይደለም፤ ክላትዞ የእብጠቱን ዓይነት ለየ እንጂ የትኛው በየትኛው ሕመምተኛ ላይ እንደሚያይል በአልጋው አጠገብ የሚያሳይ መሣሪያ አልሰጣቸውም።

እርስ በርሱ የማይስማማው መዝገብ፣ 1974–1995

በ1974 በስኮትላንድ ግሬሃም ቲስዴልና ብራያን ጄኔት የግላስጎውን የንቃት መለኪያ አሳተሙ። ሕመምተኛው ዓይኑን መግለጡን፣ መናገሩንና መንቀሳቀሱን በነጥብ የሚመዝነው ይህ መለኪያ ከ3 እስከ 15 ይደርሳል፤ 8ና ከዚያ በታች ከባድ ጉዳት ይባላል። በዓመቱ ጄኔትና ቦንድ የሕሙማኑን የመጨረሻ ሁኔታ የሚመድብ ሌላ መለኪያ ጨመሩ። ለታሪክ ጸሐፊ እነዚህ ሁለት መለኪያዎች የዘመን መለያ ናቸው፤ ከእነርሱ በፊት አንዱ ሆስፒታል «ከባድ» ያለውን ሌላው «መካከለኛ» ሊለው ስለሚችል፣ ቀድመው የተጻፉ ውጤቶችን ማነጻጸር እጅግ አስቸጋሪ ነው።

በ1976 ሁለት የጀርመን ቡድኖች ከፍተኛ መጠን ያለው ዴክሳሜታሶን ሞትን እንደቀነሰ ጻፉ። የሁለቱ ምስክርነት ሚዛን ግን እኩል አይደለም። ጎቢየትና ባልደረቦቹ ያነጻጸሩት በመድኃኒቱ የታከሙትን ከዚያ በፊት ከታከሙ ሕሙማን ጋር ነው፤ በመካከሉ የማስታገሻው፣ የመተንፈሻ መሣሪያውና የአምቡላንሱ ሁኔታ አብሮ ስለሚለወጥ፣ ልዩነቱ የማን እንደሆነ መለየት አይቻልም። የፋውፔል ቡድን ጥናት ሐኪሙም ሕመምተኛውም የተሰጠውን የማያውቁበት በመሆኑ የበለጠ ክብደት አለው፤ ነገር ግን ውጤቱን በጥንቃቄ ላነበበ ሰው አንድ የሚረብሽ ነገር ነበረበት። የሞቱት ቁጥር ቢቀንስም፣ ከሞት ከተረፉት ብዙዎቹ ንቃት አልባ ወይም ከባድ አካል ጉዳተኛ ሆነው ቀሩ። ሞትን ብቻ የቆጠረ ድል አየ፤ የተረፈውን ሰው ሁኔታ የጠየቀ ግን ድሉ የማን እንደሆነ ለመናገር ተቸገረ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ጥናቶች መልካሙን ዜና አላጸኑትም። በ1979 ኩፐርና ባልደረቦቹ 97 ሕሙማንን በዕጣ መደቡ፤ እስከ መጨረሻ ሊከታተሏቸው የቻሉት 76ቱን ነበር፤ በመድኃኒቱና መድኃኒት በሌለበት ማስመሰያ መካከል ልዩነት አላገኙም። በ1981 ሳውልና ባልደረቦቹ በ100፣ በ1983 ብራክማንና ባልደረቦቹ በሮተርዳም በ161 ሕሙማን ላይ ተመሳሳይ መደምደሚያ ላይ ደረሱ። በ1984 ጃኖታና ባልደረቦቹ በ88 ሕሙማን ላይ አጠቃላይ ጥቅም ባያገኙም ከ40 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ተስፋ አየን አሉ። በ1986 ዲርደንና ባልደረቦቹ ከመረመሯቸው 130 ሕሙማን መካከል ደግሞ የራስ ቅል ውስጥ ግፊታቸው ከ20 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ በላይ የሆነው፣ ማለትም መድኃኒቱ ይበልጥ ይጠቅማቸዋል ተብለው የሚታሰቡት፣ ዴክሳሜታሶን ሲሰጣቸው ውጤታቸው የከፋ ሆኖ ተገኘ።

ይህን የመጨረሻውን ግኝት እንደ ቸል የተባለ ማስጠንቀቂያ አድርጎ ማቅረብ ለትረካ ያምራል፤ ነገር ግን ፍትሐዊ አይሆንም። የጃኖታ የወጣቶች ንዑስ ቡድን ተስፋ እንደማያስተማምን ሁሉ የዲርደንም የንዑስ ቡድን ሥጋት ብቻውን አያስተማምንም። አንዱን ስለምንወደው ተቀብለን፣ ሌላውን ስለማንወደው መጣል አንችልም፤ ውጤቱን ካወቅን በኋላ የቀደመውን ምልክት «ትንቢት» ማለትም የታሪክ ጸሐፊ የተለመደ ፈተና ነው። በእርግጠኝነት ልንል የምንችለው ይህን ነው፦ በ1980ዎቹ መጨረሻ ጥቅሙን የሚያረጋግጥ አስተማማኝ ማስረጃ አልነበረም፤ ጉዳቱን የሚያረጋግጥም አልነበረም፤ ጥናቶቹ ሁሉ ትንንሽ ስለነበሩ መካከለኛ ልዩነት ቢኖር እንኳ ሊያዩት አይችሉም ነበር።

በዚህ መሐል ከጎረቤት መስክ አዲስ ነፋስ ነፈሰ። በ1990 የታተመው ሁለተኛው የአሜሪካ ብሔራዊ የአከርካሪ ጉዳት ጥናት፣ ሜቲልፕሬድኒሶሎን የተባለው ሌላ ኮርቲኮስቴሮይድ በከፍተኛ መጠን በ8 ሰዓት ውስጥ ሲሰጥ የአከርካሪ ጉዳተኞችን ስሜትና እንቅስቃሴ በመጠኑ እንደሚያሻሽል ዘገበ። እንግዲህ በአከርካሪ የሠራ በአንጎል ለምን አይሠራም ተባለ። በ1994 ጋብና ባልደረቦቹ በ300 ሕሙማን ላይ እጅግ ከፍተኛ መጠን ያለው ዴክሳሜታሶን ሞክረው ጥቅም አጡ። በ1995 የወጣው የአሜሪካ የከባድ አንጎል ጉዳት ሕክምና መመሪያም ኮርቲኮስቴሮይድን አልመከረም። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት የታተመ የአሜሪካ የአደጋ ማዕከላት ዳሰሳ፣ 64 በመቶ የሚሆኑት መድኃኒቱን ከግማሽ በሚበልጡ ከባድ ጉዳተኞቻቸው ላይ እንደሚጠቀሙ አሳየ። ወረቀቱ አንድ ነገር ይላል፤ አልጋው ሌላ ያደርጋል። ይህን ቅራኔ በሐኪሞች ግትርነት ብቻ ማስረዳት ይቀላል፤ እኛ ግን ሌላ ምክንያት የበለጠ ይመዝናል እንላለን። ራሱን የሳተ ወጣት ፊት የቆመ ሐኪም «ጥቅሙ አልተረጋገጠም» የሚለውን «አይጎዳም» ብሎ ያነበዋል፤ ምንም አለማድረግ ደግሞ ከማይጎዳ ነገር ይልቅ ይከብደዋል።

10,008 ሰዎች፣ 1997–2005

ጥያቄውን ከዚህ አዙሪት ያወጣው አዲስ መድኃኒት ሳይሆን አዲስ የንባብ ስልት ነው። በ1997 ፊል አልደርሰንና ኢያን ሮበርትስ እስከዚያ የተደረጉትን 13 ጥናቶች በአንድ ላይ ደምረው በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል አሳተሙ። ድምሩ ሞት በመድኃኒቱ በሁለት በመቶ ገደማ እንደቀነሰ የሚጠቁም ነበር፤ የስህተቱ ወሰን ግን ከግልጽ ጥቅም እስከ ጉዳት የሚዘረጋ ነበር። ምስጢራዊነታቸው በተሻለ የተጠበቀው ጥናቶች ብቻ ተለይተው ሲታዩ ደግሞ ያች ትንሽ የጥቅም ፍንጭ ጠፋች። የሁለቱ ጸሐፊዎች መደምደሚያ መድኃኒቱ ይጠቅማል ወይም ይጎዳል የሚል አልነበረም፤ ሠላሳ ዓመት ሲሰጥ የኖረ ሕክምና ይጥቀም ይጉዳ እንደማይታወቅ ነበር የመሰከሩት።

ሁለት በመቶ ትንሽ ይመስላል። ነገር ግን በየዓመቱ በዓለም ዙሪያ በመኪና አደጋና በመውደቅ አንጎላቸው የሚጎዳ ሰዎችን ብዛት ስናስብ፣ እውነት ከሆነ ሺዎችን የሚያተርፍ፣ ተቃራኒው እውነት ከሆነም ሺዎችን የሚገድል ቁጥር ነው። ይህን ያህል ልዩነት ለማየት በመቶዎች ሳይሆን በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሕሙማን ያስፈልጉ ነበር። ከለንደን የተመራውና በብሪታንያ የሕክምና ምርምር ምክር ቤት ገንዘብ የተካሄደው ክራሽ የተባለው ጥናት በ1999 ሲጀመር ያቀደው 20,000 ሰዎችን ነበር።

ጥናቱ በአልጋው አጠገብ ምን ይመስል እንደነበር ቀረብ ብለን እንየው። ዕድሜው 16 ወይም ከዚያ በላይ የሆነ፣ ከተጎዳ 8 ሰዓት ያልሞላው፣ በግላስጎው መለኪያ 14ና ከዚያ በታች ያስመዘገበ ጉዳተኛ ወደ ድንገተኛ ክፍል ይገባል። ሐኪሙ ኮርቲኮስቴሮይድ ሊሰጠው ይገባል ወይም አይገባም ብሎ እርግጠኛ ከሆነ ሕመምተኛው ወደ ጥናቱ አይገባም፤ እርግጠኛ ካልሆነ ግን ዕጣው ይወስናል። ከዚያም በቁጥር ብቻ የተለየ እሽግ ይከፈታል፤ በውስጡ ያለው ሜቲልፕሬድኒሶሎን ይሁን ማስመሰያ የሚያውቅ በክፍሉ ውስጥ የለም። በመጀመሪያው አንድ ሰዓት 2 ግራም፣ ከዚያም በየሰዓቱ 0.4 ግራም ለ48 ሰዓት በደም ሥሩ ይገባል፤ በጠቅላላው 21.2 ግራም። በሁለት ሳምንቱ ሰውየው በሕይወት መኖሩ ወይም መሞቱ ይጻፋል፤ በስድስት ወሩ ደግሞ እንዴት እየኖረ እንደሆነ ይጠየቃል። በ49 አገሮች፣ በ239 ሆስፒታሎች የተደረገው ይኸው ነው። የጥናቱ ጥበብ ያለው በዚህ ቀላልነቱ ላይ ነው።

በ2004 መረጃውን በገለልተኝነት የሚከታተለው ኮሚቴ ውጤቱን ለአጥኚዎቹ ገለጠ፤ ጥናቱም 10,008 ሰዎች ላይ ሲደርስ ቆመ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መድኃኒቱ ከተሰጣቸው መካከል 1,052፣ ማስመሰያው ከተሰጣቸው መካከል 893 ሞተው ነበር፤ በመቶኛ 21.1 እና 17.9 መሆኑ ነው። ልዩነቱ በአጋጣሚ የመጣ ነው ለማለት የሚያስችል ክፍተት አልነበረም። ከቀላል እስከ ከባድ ጉዳት፣ ቶሎ ከታከሙት እስከ ዘግይተው የታከሙት ድረስ ጉዳቱ በሁሉም ላይ ታየ። በ2005 የወጣው የስድስት ወር ውጤትም የመጀመሪያውን አጸናው፦ 25.7 በመቶ ሞት በመድኃኒቱ፣ 22.3 በመቶ በማስመሰያው።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። በዚህ ታሪክ ግን እውነቱ ማደር ብቻውን አላጠራውም፤ ሠላሳ ዓመት አድሮ አልጠራም ነበር። ያጠራው ማነጻጸሪያ ነው። ክራሽ ያገኘው ልዩነት በመቶኛ 3.2 ነው፤ ይህም ማለት ከሠላሳ አንድ የታከሙ ሰዎች አንድ ትርፍ ሞት ማለት ነው። በዓመት ሠላሳ ከባድ ጉዳተኛ የሚያይ ሐኪም በዓመት አንድ ሰው ይጨምርበታል፤ ያም ሰው አስቀድሞ ሊሞት በሚችል ጉዳት የመጣ ስለሆነ፣ በመዝገቡ ላይ የሞቱ ምክንያት «የአንጎል ጉዳት» ተብሎ ይጻፋል። መድኃኒቱ የገደለውን ሰው ጉዳቱ ከገደለው ለይቶ የሚያሳይ ምንም ዓይነት የአልጋ ምልክት አልነበረም። ብልህ ዓይንም ሆነ ረጅም ልምድ ይህን ሊያይ አይችልም ነበር።

መድኃኒቱ ለምን እንደገደለ ግን ክራሽ ራሱ አልመለሰም። ብዙዎች የጠረጠሩት ኢንፌክሽንና የሆድ ደም መፍሰስ የሞቱን ልዩነት ለማስረዳት አልበቁም። ማስረጃው የሚናገረው ምን እንደሆነ እንጂ ለምን እንደሆነ አይደለም፤ ከዚህ አልፈን መናገር ምስክሩን ካየው በላይ ማስመስከር ይሆናል። በሌላ በኩል ግኝቱን አስፍቶ ኮርቲኮስቴሮይድ ለአንጎል ጉዳተኛ በምንም መልኩ አይገባም ማለትም ስህተት ነው። ከጉዳቱ የተነሣ ዕጢው ራሱ ሆርሞን ማምረት ላቃተው ሕመምተኛ የጎደለውን በትንሽ መጠን መተካት ሌላ ጥያቄ ነው፤ ክራሽም አልጠየቀውም። የአሜሪካው መመሪያ በ2007 ያወጣው ክልከላም ከፍተኛ መጠን ያለውን ሜቲልፕሬድኒሶሎን ለይቶ ይጠቅሳል።

ሌላዋ ሆርሞን፣ 1934–2008

የኮርቲሶን የቅርብ ዘመድ የሆነው ኮርቲሶል በሰውነት ውስጥ ሲሠራ ከሚያልፍባቸው መካከለኛ ንጥረ ነገሮች አንዱ ፕሮጄስትሮን ነው፤ ሁለቱ ከአንድ የኮሌስትሮል ግንድ የወጡ ዘመዳሞች ናቸው። ፕሮጄስትሮን እንቁላል ከተለቀቀ በኋላ በእንቁላል ማምረቻው ላይ ከሚቀረው ቢጫ አካል የምትመነጭ፣ እርግዝናን የምታጸና ሆርሞን እንደሆነች ኮርነርና አለን በ1929 አሳዩ፤ በ1934 በአራት ቡድኖች ተነጥላ ወጣች። በ1941 ሃንስ ሴልዬ ይህች ሆርሞን በብዛት ስትሰጥ አይጦችን እንደምታደነዝዝ ዘገበ፤ ይህም ለማኅፀን ብቻ የተፈጠረች አለመሆኗን የሚጠቁም የመጀመሪያ ፍንጭ ነበር። በ1980ዎቹ ደግሞ ፈረንሳዊው ኤቲየን ባውሊዩና ባልደረቦቹ አንጎል ራሱ እንዲህ ያሉ ስቴሮይዶችን እንደሚሠራ አረጋገጡ።

ፕሮጄስትሮንን ከአንጎል ጉዳት ጋር ያገናኘው ዶናልድ ስታይን ነው። በብዙ ትረካ ታሪኩ የሚጀመረው አንዳንድ ሴት አይጦች ከአንጎል ጉዳት ከወንዶቹ የተሻለ እንደሚያገግሙ በማስተዋል ነው። የታተመው ሰነድ ግን ከማስተዋል ያለፈ ነገር ያሳያል። በ1987 ከአቴላና ከናቲንቪል ጋር ያወጣው ጥናት የሴቶቹን አይጦች የሆርሞን ሁኔታ ሆን ብሎ የለየና ማገገማቸውን ከዚያ ጋር ያነጻጸረ ነበር። ከዚያ በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከሩፍና ከዱቭዴቫኒ ጋር ፕሮጄስትሮን የአንጎልን እብጠት በሴትም በወንድም አይጦች ላይ እንደምትቀንስ አሳየ። ይህ እርምጃ አስፈላጊ ነበር፤ ፕሮጄስትሮን የሴት ጾታ ምልክት ከመሆን ወጥታ ለሁለቱም የሚሆን መድኃኒት እጩ የሆነችው ያን ጊዜ ነው። ቀጣዮቹ ዓመታት በእንስሳት ላይ ብዙ የሥራ መንገዶችን አከማቹ፤ ብግነትን የሚያቀጣጥሉ የሕዋስ መልእክተኞች ሲቀንሱ፣ የደም ሥር ግድግዳ ሲጠነክር፣ የሕዋስ ሞት ሲገታ ታየ። አንድ መድኃኒት በአንድ ጊዜ ብዙ ቦታ መሥራቱ በወቅቱ እንደ ጥንካሬ ተቆጠረ።

በ2007 ዴቪድ ራይት፣ ስታይንና ባልደረቦቻቸው በአትላንታ የመጀመሪያውን የሰው ሙከራ አሳተሙ። 100 ሕሙማን አራት ለአንድ በሆነ ዕጣ ተመደቡ፤ 77ቱ ፕሮጄስትሮን፣ 23ቱ ማስመሰያ አገኙ። የሙከራው ዋነኛ ዓላማ የመድኃኒቱን ደህንነት ማየት ነበር። ነገር ግን በሠላሳ ቀን ውስጥ የሞቱት 13 በመቶ በመድኃኒቱ፣ 30.4 በመቶ በማስመሰያው መሆኑ ሲነገር፣ ደህንነት የሚለው ቃል ወደ ኋላ ቀርቶ ተስፋ የሚለው ቃል ወደ ፊት መጣ።

እነዚህን መቶኛዎች ወደ ሰው እንመልሳቸው። 13 በመቶ ማለት ከ77 ሰዎች 10 ነው፤ 30.4 በመቶ ማለት ደግሞ ከ23 ሰዎች 7 ነው። ከሰባቱ አንዱ ቢተርፍ ኖሮ መጠኑ ወደ 26.1፣ ሁለቱ ቢተርፉ ወደ 21.7 በመቶ ይወርድ ነበር። በሁለቱ ወገኖች የሞት መጠን መካከል ያለው ጥምርታ የመተማመኛ ወሰን እስከ 0.99 መድረሱ፣ ማለትም «ልዩነት የለም» የሚለውን አንድን ሊነካ ጥቂት ብቻ መቅረቱ፣ ይህንኑ በሒሳብ ቋንቋ ይናገራል። ደራሲዎቹ ይህን አልሸሸጉም፤ ቁጥሮቹን ሁሉ በግልጽ አስፍረዋል። ተስፋው ያረፈው በሁለትና ሦስት ሰዎች ዕጣ ላይ መሆኑን ለማወቅ ሰንጠረዡን በእርሳስ ማስላት ብቻ ይበቃ ነበር።

በ2008 ከቻይና ሃንግዙ የወጣው የሲያው ቡድን ጥናት ይህን ተስፋ አጠነከረ። 82 ሰዎች ፕሮጄስትሮንን፣ 77 ደግሞ ማስመሰያን በጡንቻ መርፌ ለአምስት ቀን አገኙ፤ በስድስት ወር ሞት 18 በመቶና 32 በመቶ ሆነ። ሁለት ነጻ ቡድኖች፣ በሁለት አህጉር፣ በአንድ አቅጣጫ መሰከሩ። በዚያ ጊዜ ለነበረ ሚዛናዊ አንባቢ ትልቅ ሙከራ መጀመር ምክንያታዊ ብቻ ሳይሆን ግዴታም ይመስል እንደነበር ማመን አለብን።

2014

ሁለት ትልልቅ ሙከራዎች ተከተሉ። ፕሮቴክት ሦስት የተባለው በአሜሪካ 49 የአደጋ ማዕከላት ሲካሄድ፣ ሲናፕስ የተባለው ደግሞ በ21 አገሮች ተካሄደ። የመጀመሪያው 1,140 ሰዎችን አቅዶ፣ የመጥቀም ዕድሉ ተሟጧል ተብሎ በ882 ቆመ፤ በመድኃኒቱ ጥሩ ውጤት ያገኙት 51.0 በመቶ፣ በማስመሰያው 55.5 በመቶ ሲሆኑ፣ ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ ከሚችለው አይበልጥም። ጎልቶ የታየው ጉዳት መድኃኒቱ በገባበት የደም ሥር ላይ የመጣ ብግነት ነበር፤ ብግነትን ያበርዳል የተባለው መድኃኒት በሚገባበት ቦታ ብግነትን አመጣ። በሲናፕስ 1,195 ከባድ ጉዳተኞች ተመድበው፣ ጥሩ ውጤት ያገኙት በመድኃኒቱ 50.4 በመቶ፣ በማስመሰያው 50.5 በመቶ ሆነ። ከዚህ የበለጠ የተቀራረበ ቁጥር በሕክምና መዝገብ ውስጥ ማግኘት ቀላል አይደለም።

ክሽፈቱን ለማስረዳት ከቀረቡት ምክንያቶች ሦስቱን እንመዝን። ስታይን ራሱ በ2015 ከዚህ ክሽፈት ምን እንደሚማሩ ሲጽፍ ካነሣቸው መካከል የመድኃኒቱ መጠንና የአሰጣጡ ቆይታ፣ እንዲሁም ውጤቱን የለኩት ሚዛኖች ሻካራነት ይገኙበታል። ይህ ክርክር ክብደት አለው፤ ሆኖም ሁለቱ ሙከራዎች በመጠንና በጊዜ እየተለያዩ ወደ አንድ መልስ መድረሳቸው ያዳክመዋል። ሁለተኛው ምክንያት የሰው ጉዳት ልዩ ልዩነት ነው፤ የላቦራቶሪ አይጥ በአንድ ዓይነት ኃይል በአንድ ቦታ ሲመታ፣ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚገባው ሰው ግን ከመኪና ወይም ከፎቅ ወድቆ፣ አንዱ ደም ተቋጥሮበት ሌላው አንጎሉ ተበጣጥሶ ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን የሰው ጉዳት ልዩ ልዩነት ከ2007 በፊትም የታወቀ ነበር። ሦስተኛውና ለእኛ የሚመዝነው የትንንሾቹ ጥናቶች ባሕርይ ነው፤ 259 ሰዎች የሰጡትን መልስ 2,077 ሰዎች ሲገለብጡት፣ ጥያቄው ትልቆቹ ለምን ከሸፉ ብቻ ሳይሆን ትንንሾቹ ለምን የተሳኩ መሰሉ የሚልም ነው።

ምስክሮቹን ስንመዝን

ሁለቱን ታሪኮች ጎን ለጎን ስናቆማቸው መልካቸው ይመሳሰላል፦ በሌላ ቦታ የተመሰከረለት ሆርሞን፣ አሳማኝ የሥራ መንገድ፣ ተስፋ የሰጡ ትንንሽ ጥናቶች፣ ከዚያም ተስፋውን የሻረ ትልቅ ሙከራ። ልዩነታቸው ግን ከመመሳሰላቸው ይበልጣል። ኮርቲኮስቴሮይድ ከ1960ዎቹ ጀምሮ በሆስፒታሎች ተስፋፍቶ በበቂ ስፋት መፈተን የጀመረው በ1999 ነው፤ ፕሮጄስትሮን ግን መደበኛ ሕክምና ከመሆኗ በፊት ተፈተነች። የ2014ቱን ውጤት «ክሽፈት» ብለን የምንጠራው ከተስፋው አንጻር ነው እንጂ፣ ከመጀመሪያው ታሪክ አንጻር ሲታይ ሥርዓቱ የሚገባውን ሥራ ሠርቷል፤ የማይጠቅም ሕክምና ወደ አልጋው ሳይደርስ በደጃፉ ቆሟል። ክራሽ ያስተማረው ይህንን ከሆነ፣ ትምህርቱ ባከነ ማለት አይቻልም።

በክራሽ መዝገብ በሁለቱ ወገኖች መካከል ያለው የሞት ልዩነት 159 ሰው ነው። ይህ ቁጥር ሊቆጠር የቻለው ከእያንዳንዱ እሽግ አንጻር ሌላ እሽግ ስለነበረ ብቻ ነው። ከዚያ በፊት በነበሩት አሥርተ ዓመታት በየሆስፒታሉ መድኃኒቱ የተሰጣቸው ሰዎች ሁሉ መዝገብ አላቸው፤ ስማቸው፣ የገቡበት ሰዓት፣ የተሰጣቸው መጠንና የሞቱበት ቀን ተጽፏል። የማነጻጸሪያው ዓምድ ግን ባዶ ስለሆነ፣ ከእነርሱ ስንቱን ጉዳቱ፣ ስንቱን መድኃኒቱ እንደገደለ ያ መዝገብ ምንም ያህል በትጋት ቢገለጥ አይናገርም።